የኔትዎርክ ፕሪንተር በዩኒክስ ኮምፒዩተር ላይ፦ ለሱቅና ለታክሲ ባለቤቶች



በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው የግብር፣ የንግድ ፈቃድና የኢሚግሬሽን ጉዳይ መሆኑ ይታወቃል። በዛሬው ዕትም ግን ስለ ፕሪንተር እንነጋገራለን። ነገሩ ከዓምዱ የራቀ ሊመስልዎ ይችላል፤ ሆኖም አልራቀም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቆመ ወዲህ፣ ብዙ ባለሱቆች ደህና የሚሠራ ኮምፒዩተራቸውን ከመጣል ይልቅ ኮሌጅ የገባ ልጃቸውን ወይም የእህታቸውን ልጅ ጠርተው ሊኑክስ አስጭነዋል። ገንዘብ አድነዋልና ደግ አድርገዋል። ነገር ግን ልጁ ጭኖ ሲሄድ ፕሪንተሩ ሳይያያዝ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሩብ ዓመቱን ሂሳብ ላኩልኝ ባልኩ ቁጥር የሚመለስልኝ መልስ አንድ ነው፤ «ኮምፒዩተሩ አላትም አለኝ»።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ እንጂ የኮምፒዩተር መሐንዲስ አይደለሁም። ይሁንና ለትምህርት ከአገር ወጥቼ በነበረበት ጊዜ የዩኒቨርሲቲያችን የኮምፒዩተር ክፍል በሙሉ ዩኒክስ ስለነበረ፣ ለአንዲት ገጽ ወረቀት ወረፋ መጠበቅን እዚያው ተምሬአለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈውን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ቢሞክሩት ሰው ሳይጠሩ ሊጨርሱት ይችላሉ።

ወረቀቱ ለምን ያስፈልጋል?

በአሜሪካ የፌዴራል ግብር ሥርዓት ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የእርስዎን የግብር ማስታወቂያ ተመልሶ ለመመርመርና ተጨማሪ ለማስከፈል ያለው ጊዜ በተለመደው ሁኔታ 3 ዓመት ነው። ካስታወቁት ጠቅላላ ገቢ ከ25 በመቶ በላይ የሚሆን ገቢ ሳያስታውቁ ከቀሩ ጊዜው ወደ 6 ዓመት ከፍ ይላል። ጭራሹን ያላስታወቀ ወይም አጭበርብሮ ያስታወቀ ሰው ግን የጊዜ ገደብ አያድነውም። ሠራተኛ ካለዎት የደመወዝ ግብር መዛግብትን ቢያንስ 4 ዓመት ማቆየት አለብዎ። ሠራተኛው በዚህ አገር ለመሥራት መብት እንዳለው የሚያሳየውን ቅጽ አይ-9 ደግሞ ከተቀጠረበት ቀን 3 ዓመት ወይም ሥራ ከለቀቀበት ቀን 1 ዓመት፣ ከሁለቱ የዘገየው ቀን እስኪደርስ ድረስ ያስቀምጣሉ።

ሕጉ በኮምፒዩተር የተያዘ መዝገብን አይቀበልም ማለቴ አይደለም፤ ይቀበላል። ችግሩ ኮምፒዩተሩ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ስልኩም በታክሲው የኋላ ወንበር ሥር ይጠፋል። ከጅምላ ሻጩና ከነዳጅ ማደያው የሚቀበሉት ደረሰኝ ደግሞ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ ዳሽቦርድ ላይ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ካገኘው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ደንበኞቼን ሁሉ በየሳምንቱ መጨረሻ የሳምንቱን ሽያጭ ወይም የሳምንቱን የማይል መዝገብ አትመው በፋይል እንዲያስቀምጡ እመክራለሁ። ለዚህ ደግሞ በተፈለገ ጊዜ የሚታዘዝ ፕሪንተር ያስፈልጋል።

ዩኒክስ የሚባለው

ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብራቶሪ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ የተጀመረ የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው። ሊኑክስ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ሲሆን አሠራሩ የዩኒክስን ፈለግ የተከተለ ነው። ሱቅዎ ውስጥ ያለው ኡቡንቱ የሚባለው ሥርዓት ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ነው። የአፕል ኮምፒዩተር ያላችሁም «ይህ እኔን አይመለከተኝም» አትበሉ፤ ማክ ራሱ ከ2007 ጀምሮ የዩኒክስ የምስክር ወረቀት የተሰጠው ሥርዓት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመን ግን ሁለቱም የሚያትሙት ካፕስ በሚባል በአንድ ዓይነት ፕሮግራም መሆኑ ነው። ካፕስን ማይክል ስዊት የሚባል ሰው ጽፎ በ1999 ለሕዝብ አቀረበው። አፕል በ2002 ማክ ውስጥ አስገባው፤ በ2007 ደግሞ የፕሮግራሙን ባለቤትነት ገዛ። ስለዚህ አንዱን የተማረ ሌላውንም ተማረ ማለት ነው።

ከመግዛትዎ በፊት

ፕሪንተር ገና ያልገዙ ከሆነ ሳጥኑ ላይ ኤርፕሪንት የሚል ምልክት መኖሩን ይመልከቱ። ምልክቱ የወጣው ለአይፎንና ለአይፓድ ነው፤ ነገር ግን ይህ ምልክት ያለው ማሽን ከካፕስ ጋር ያለ ድራይቨር ይግባባል። ድራይቨር ስል የታክሲውን ሾፌር ማለቴ አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ ለአንድ የተወሰነ የፕሪንተር ሞዴል እንዲናገር የሚያስችለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ድሮ ለሊኑክስ የሚሆን ድራይቨር ፍለጋ ሌሊቱን ሙሉ ይታደር ነበር። ዛሬ በዚህ ምልክት ምክንያት ያ ድካም ቀርቷል።

ሌላው የገመድ መሰኪያ ነው። በኔትዎርክ ገመድ የሚሠራ ፕሪንተር በዋይፋይ ብቻ ከሚሠራው ያነሰ ያስቸግራል። ሱቅ ውስጥ ማቀዝቀዣ አለ፣ ማይክሮዌቭ አለ፣ የብረት መደርደሪያ አለ፤ ይህ ሁሉ ዋይፋዩን ያደናቅፋል። ስለ ቀለም ዋጋ ብዙ አልልም። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚያትም ሰው ፈሳሽ ቀለም ያለውን ቢገዛ ቀለሙ ይደርቅበታልና ጥቁርና ነጭ ሌዘር ይበቃዋል።

የነገሩ ሁሉ መሠረት አድራሻ ነው

በዚህ አገር ዜግነት ያላገኘ ሰው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ቤት በቀየረ በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻውን ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት። ሳያሳውቅ የቀረ ሰው የጣት አሻራ ቀጠሮው ደብዳቤ አሮጌው ቤት ሄዶ ይቀራል። የኔትዎርክ ፕሪንተር ችግርም በአብዛኛው ይኸው ነው። እኔ ካየኋቸው «ፕሪንተሩ ተበላሸ» ከተባለባቸው ቦታዎች በብዙዎቹ ማሽኑ አልተበላሸም፤ ቤት ቀይሮ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት የሚያከፋፍልልዎ ራውተር የሚባለው ሳጥን ለሱቁ ዕቃ ሁሉ፣ ለኮምፒዩተሩም፣ ለስልኩም፣ ለፕሪንተሩም፣ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ለምሳሌ 192.168.1.23 ሊሆን ይችላል። ይህ ቁጥር ግን የተሰጠው በኪራይ ነው እንጂ በስጦታ አይደለም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ወይም ፕሪንተሩ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ሲከፈት ራውተሩ ሌላ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል፤ እንበል 192.168.1.31። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ይህን ሳያውቅ ወረቀቱን ወደ 23 ይልካል። እዚያ ማንም የለም፤ ወይም የደንበኛ ስልክ ተቀምጦበታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ኮምፒዩተሩ ላይ ሳይሆን ራውተሩ ላይ ነው። መጀመሪያ ከፕሪንተሩ ሜኑ ውስጥ የኔትዎርክ መረጃ የሚለውን ገጽ ያትሙ። ይህ ገጽ ከኮምፒዩተር ሳይሆን ከራሱ ከፕሪንተሩ ስለሚወጣ ምንም ሳይያያዝም ይታተማል። በገጹ ላይ ሁለት ነገር ያገኛሉ። አንደኛው አሁን የያዘው አይፒ አድራሻ ነው። ሁለተኛው ማክ አድራሻ የሚባለው ሲሆን በስድስት ጥንድ ቁጥርና ፊደል የተጻፈ ነው፤ ፋብሪካው የሰጠው ስለሆነም እንደ መኪና የሻንሲ ቁጥር ከማሽኑ ጋር ይኖራል። (ከአፕል ማክ ጋር ስሙ ብቻ ነው የተመሳሰለው፤ ዝምድና የላቸውም።)

ከዚያ በኢንተርኔት ብራውዘር ወደ ራውተሩ ገጽ ይግቡ። የመግቢያው ቁጥርና የምስጢር ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ በራውተሩ ሥር ወይም ጀርባ ተለጥፏል። በዚያ ውስጥ አድራሻ ማስያዣ የሚሆን ክፍል አለ። «ይህ ማክ አድራሻ ያለው ዕቃ ሁልጊዜ 192.168.1.50 ይሰጠው» ብለው ይመዝግቡና ፕሪንተሩን አጥፍተው ያብሩት። 50 የሚለውን የመረጥኩት ለማስታወስ ስለሚቀል ነው፤ በሱቅዎ ኔትዎርክ ክልል ውስጥ ያለና ሌላ ዕቃ ያልያዘው ቁጥር ሁሉ ይሆናል። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ፕሪንተሩ ላይ ይለጥፉት።

አንድ ተጨማሪ ነገር እዚሁ ልናገር። የኢንተርኔት ድርጅቱ የሰጠው ሳጥን ላይ ሌላ ራውተር የጨመሩ ሱቆች አሉ። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ 192.168.0 ብሎ በሚጀምር ኔትዎርክ፣ ፕሪንተሩ ደግሞ 192.168.1 ብሎ በሚጀምር ኔትዎርክ ሊገኙ ይችላሉ። በሱቅ ኔትዎርክ የሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች አንድ ካልሆኑ በተለያየ ሕንጻ እንደሚኖሩ ይቁጠሩት። ሁለቱንም ወደ አንዱ ራውተር ያዙሯቸው።

ወረፋውን መክፈት

በካፕስ ቋንቋ ለኮምፒዩተሩ ፕሪንተር ማስተዋወቅ ወረፋ መክፈት ይባላል። ስሙ ጥሩ ነው። የተላከው ሥራ ሁሉ በመጣበት ተራ ይሰለፋል።

ኡቡንቱ ላይ ብራውዘሩን ይክፈቱና በአድራሻው ቦታ ሎካልሆስት፣ ሁለት ነጥብ፣ 631 ብለው ይጻፉ። (ጋዜጣችን የሚታተመው በፊደላችን ስለሆነ ስሞቹን በድምፃቸው ጽፌአቸዋለሁ፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ሲያስገቡ በላቲን ፊደል ይሁን።) የካፕስ ገጽ ይከፈታል። አስተዳደር የሚለውን፣ ቀጥሎም ፕሪንተር ጨምር የሚለውን ይጫኑ። ስምና የምስጢር ቃል ሲጠይቅዎ ኮምፒዩተሩን ሲከፍቱ የሚጠቀሙበትን ያስገቡ።

እዚህ ላይ ኮምፒዩተሩ ራሱ ያገኛቸውን ፕሪንተሮች ይዘረዝራል። ከመካከላቸው የእርስዎ ካለ መርጠው መጨረስ ይችላሉ፤ እንዲህ የተገኘ ፕሪንተር የሚፈለገው በስሙ እንጂ በቁጥሩ ስላልሆነ ቁጥሩ ቢቀየርም ይሠራል። ነገር ግን ይህ በስም መጠራራት ከአንድ ኔትዎርክ ወደ ሌላ አያልፍም፤ አንዳንድ የዋይፋይ ሳጥኖችም ያፍኑታል። ለሥራ ቦታ እኔ የምመርጠው በቁጥር ማሰሩን ነው። ለዚህም ከዝርዝሩ ውስጥ አይፒፒ የሚለውን መርጠው አይፒፒ፡//192.168.1.50/አይፒፒ/ፕሪንት ብለው ይጽፋሉ። አይፒፒ ማለት ኮምፒዩተሩና ፕሪንተሩ የሚነጋገሩበት ደንብ ነው። በዕድሜ የገፉ ማሽኖች ይህን ደንብ ካላወቁ ሶኬት የሚለውን መርጠው ቁጥሩንና 9100 የሚለውን በር ይሰጣሉ፤ በዚያን ጊዜ ግን የሞዴሉ ድራይቨር ያስፈልግዎታል።

ቀጥሎ ስም ይጠይቅዎታል። ክፍት ቦታ የሌለው አጭር ስም ይስጡት፤ «ሱቅ» ወይም «ቢሮ» ይበቃል። የፋብሪካውን ስም ሲጠይቅ ከዝርዝሩ አይፒፒ ኤቭሪዌር የሚለውን ይፈልጉ። ድራይቨር የማያስፈልገው አሠራር ይህ ነው። ከዚያ ወረቀት ወደሚያስተካክሉበት ገጽ ይወስድዎታል፤ እሱን ከዚህ በታች ለብቻው አነሣዋለሁ።

በትእዛዝ መሥራት የሚወድ ወጣት በቤትዎ ካለ ይህ ሁሉ በአንድ መስመር ያልቃል። ሱዶ ብሎ ኤልፒአድሚን ይጽፋል፤ ሰረዝ-ፒ ብሎ ስሙን፣ ሰረዝ ብሎ ትልቁን ኢ፣ ሰረዝ-ቪ ብሎ ከላይ የጻፍነውን አድራሻ፣ ሰረዝ-ኤም ብሎ ኤቭሪዌር የሚለውን ቃል ያስከትላል። ትልቁ ኢ ከስሙ በኋላ ይምጣ። ከኋላ ሲመጣ «ወረፋውን ክፈትና ሥራ ተቀበል» ማለት ሲሆን፣ ከፊት ሲመጣ ግን «ንግግሩን በምስጢር አድርገው» ማለት ይሆናል። ፊደሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ይለያያል፤ ዩኒክስን የጻፉ ሰዎች ጣታቸው እንዳይደክም ሲሉ የእኛን ያደክማሉ።

ማክ ላይ ሎካልሆስት የሚለው ገጽ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ወደ ሲስተም ሴቲንግስ ገብተው ፕሪንተሮች የሚለውን፣ ከዚያም ጨምር የሚለውን ይጫኑ፤ አይፒ በሚለው ትር ቁጥሩን ይስጡ።

የወረቀቱ መጠን

ይህን ክፍል በጥንቃቄ እንዲያነቡ እለምናለሁ፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያለበት ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ ያንብበው።

አሜሪካ የምትጠቀምበት ወረቀት ሌተር ይባላል፤ 8.5 በ11 ኢንች ወይም 216 በ279 ሚሊ ሜትር ነው። ኢትዮጵያ፣ አውሮፓና የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚጠቀሙት ኤ4 ደግሞ 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ኤ4 በ6 ሚሊ ሜትር ጠቦ በ18 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ሊኑክሱ ሲጫን አገር ተብሎ ኢትዮጵያ ወይም እንግሊዝ የተመረጠ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ወረቀት ሁሉ ኤ4 ነው ብሎ ያምናል። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ይደርሳል። ፕሪንተሩ «ኤ4 ጨምሩ» እያለ ቢጫ መብራቱን ያበራና ይቆማል፤ ወይም ደግሞ በሌተሩ ላይ ያትምና የገጹን ታች ይቆርጠዋል።

ለገበያ ዝርዝር ቢሆን የተቆረጠው መስመር ጉዳት የለውም። ለኢሚግሬሽን ቅጽ ግን አለው። በቅጾቹ ግርጌ ቅጹ የታተመበት ቀንና የገጽ ቁጥር ተጽፏል፤ በአንዳንዶቹም የማሽን መለያ አለ። ቀኑና የገጹ ቁጥር በሁሉም ገጽ ላይ መታየት አለበት፤ ገጾቹም የአንድ ዕትም መሆን አለባቸው። ይህ ከጎደለ መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻውን ላይቀበል ይችላል። ማመልከቻ ተመልሶ መጣ ማለት ደግሞ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ሳምንታት ይጠፋሉ፤ የሥራ ፈቃዱ ቀን የቀረበ የታክሲ ሹፌር ሳምንት ማጣት ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

ስለዚህ በካፕስ ገጽ ላይ የወረቀት መጠን ከሚለው ሌተር መርጠው ያጽኑት። ከዚያ ከጥገና ሜኑ የሙከራ ገጽ የሚለውን ያትሙ። አራቱም ጠርዝ ተሟልቶ ከወጣ በእርሱ ብቻ አይርኩ፤ አንድ የኢሚግሬሽን ቅጽ አውጥተው አንድ ገጽ ያትሙና ግርጌውን በዓይንዎ ይመልከቱ። አንዳንድ ፕሮግራሞች የወረቀት ምርጫ ለራሳቸው አላቸውና ከኮምፒዩተሩ ጋር ላይስማሙ ይችላሉ። በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ አንባቢያን ምክሩን ገልብጣችሁ ተጠቀሙበት።

ፊደላችንን ስለማተም

አማርኛ ጽሑፍ ሲታተም ሳጥን ሳጥን ብቻ የሚወጣ ከሆነ ጥፋቱ የፕሪንተሩ አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ የኢትዮጵያ ፊደል ቅርጽ የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉት በነፃ ይገኛሉ። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ በየፕሮግራሙ የተለያየ ፊደል ስለሆነ ያለ ፊደሉ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ዝባዝንኬ ሆኖ ይታያል። የድሮ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ወይም የማኅበር ቃለ ጉባኤ ያላችሁ፣ ፊደሉ ያለበት አሮጌ ኮምፒዩተር ሳይሞት በፊት ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት።

ወረፋው ሲቆም

ባልትናና ግሮሰሪ ያላቸው አንዲት ወይዘሮ ደንበኛ አሉኝ። ለሱቁ ከጅምላ ሻጭ የገዙበትን ማስረጃ በ30 ቀን ውስጥ እንዲያቀርቡ ከግብር መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረሳቸው። ማስረጃው ኮምፒዩተራቸው ውስጥ በሙሉ አለ፤ 40 ገጽ ይሆናል። አትም ብለው ጫኑ፤ ዝም። እንደገና ጫኑ፤ ዝም። ዘጠኝ ጊዜ ከጫኑ በኋላ ተስፋ ቆርጠው ሳምንት አለፈ። በኋላ የእህታቸው ልጅ በስልክ እየመራቸው የፕሪንተሩን አድራሻ አስተካከለና ወረፋውን አስከፈታቸው። ወዲያውኑ ፕሪንተሩ 360 ገጽ ማተም ጀመረ። ወረቀቱ አለቀ፣ ቀለሙም አለቀ፤ ቀለም የሚሸጠው ሱቅ ደግሞ ተዘግቶ ነበር። መልሱ በፖስታ የወጣው ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ካፕስ የተላከለትን ሥራ አይጥልም፤ ይይዛል። ፕሪንተሩ መልስ ሲያጣበት ደግሞ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ወረፋውን ያቆመዋል። ከዚያ በኋላ ፕሪንተሩ ቢድንም ሰው ካልከፈተው ወረፋው አይከፈትም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጭነው ካልታተመ ሁለተኛ አይጫኑ። በመጀመሪያ ተርሚናል የሚባለውን ከፍተው ፒንግ ብለው የፕሪንተሩን ቁጥር ይጻፉ። መልስ ከመጣ ፕሪንተሩ በሕይወት አለ፤ ካልመጣ ገመዱንና አድራሻውን ይመልከቱ። ሁለተኛ ኤልፒስታት ሰረዝ-ቲ ብለው ይጠይቁ፤ ወረፋው ክፍት ይሁን የቆመ፣ ስንት ሥራ እንደተሰለፈ ይነግርዎታል። ሦስተኛ የተደራረበ ሥራ ካለ ካንስል ሰረዝ-ኤ ብለው የወረፋውን ስም ጽፈው ሁሉንም ይሰርዙ። በመጨረሻ ካፕስኢነብል ብለው የወረፋውን ስም ይጻፉ፤ ይከፈታል። ቅደም ተከተሉን ያስተውሉ፤ መሰረዙ ከመክፈቱ ይቀድማል። በትእዛዝ መሥራት የማይወዱ ከሆነ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በሎካልሆስቱ ገጽ ላይም በቁልፍ ይገኛሉ።

ሦስት አራት ሆነው አንድ ቢሮ የተከራዩ የታክሲ ባለቤቶች ደግሞ «ወረቀቱን ማን ጨረሰው?» በሚለው ሲጣሉ አይቻለሁ። እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ስም ኮምፒዩተሩን የሚከፍት ከሆነ፣ ኤልፒስታት ሰረዝ ትልቁ ደብሊው ኮምፕሊትድ የሚለው ትእዛዝ ያለቁትን ሥራዎች ከላኪው ስምና ከቀኑ ጋር ያሳያል። ጠብ ያበርዳል፤ ወይም ደግሞ ያጠነክራል።

በሩን መዝጋት

ፕሪንተሩ የሠራተኛዎን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የልጅዎን የጥገኝነት ማመልከቻ፣ የባንክ መግለጫዎን ያያል። ካፕስም በተለመደው አሠራሩ የታተመውን ሰነድ ቅጂ ለአንድ ቀን ያህል በኮምፒዩተሩ ያቆያል።

በኖቬምበር 2018 አንድ ሰው በኢንተርኔት ላይ ክፍት ሆነው ባገኛቸው ፕሪንተሮች ላይ፣ በዚያው ከላይ በጠቀስነው 9100 በር በኩል፣ የራሱን ማስታወቂያ አሳትሟል፤ 50,000 ያህል እንደሆኑ ራሱ ተናግሯል። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ በካፕስ ዙሪያ በሚሠሩ ፕሮግራሞች ላይ ከውጭ ሰው ሊገባበት የሚችል ቀዳዳ መገኘቱ ይፋ ሆኖ ማስተካከያው ወጥቷል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ «አዲስ ማስተካከያ አለ» ሲልዎ ነገ አይበሉት። ራውተሩ ላይ ከውጭ ወደ ፕሪንተሩ የሚያስገባ ምንም በር አይክፈቱ። የፕሪንተሩን የራሱን የምስጢር ቃል ይቀይሩ፤ ከፋብሪካ የመጣውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ካፌ ወይም ምግብ ቤት ያላችሁ ለደንበኛ የምትሰጡት ዋይፋይ የእንግዳ ኔትዎርክ የሚባለው ይሁን፤ ፕሪንተሩም ኮምፒዩተሩም እዚያ አይግቡ። ቡና ሊጠጣ የመጣ ሰው የደመወዝ መዝገብዎ በተቀመጠበት ክፍል እንዲያልፍ አይፈቅዱለትም፤ በኔትዎርኩም አይፍቀዱለት።

የፕሪንተሩ ዋጋ በግብር ላይ

ወደ ሙያዬ ልመለስ። ኦዲት የተደረገ የሂሳብ መግለጫ የሌለው አነስተኛ ድርጅት በአንድ ደረሰኝ ወይም በአንድ ዕቃ እስከ 2,500 ዶላር የሚያወጣ መሣሪያ ሲገዛ፣ ዋጋውን በየዓመቱ እያከፋፈለ ከማርጀት ይልቅ በገዛበት ዓመት በሙሉ ወጪ አድርጎ መያዝ ይችላል። ይህን መምረጡን የሚገልጽ አጭር መግለጫ ግን በጊዜው ከሚገባው የግብር ማስታወቂያ ጋር መያያዝ አለበት፤ ለሂሳብ ሠራተኛዎ ያስታውሱት። ወረቀትና ቀለም የቢሮ ወጪ ነው። ፕሪንተሩ ቤት ተቀምጦ ልጆች የትምህርት ቤት ሥራቸውን የሚያትሙበት ከሆነ የሚቀነሰው ለንግዱ የዋለው ድርሻ ብቻ ነው፤ ድርሻውንም በግምት ሳይሆን በሆነ መዝገብ ማሳየት ይገባል።

ፕሪንተሩን በጥሬ ገንዘብ ከገዙ ደረሰኙን አደራ። በሙቀት የታተመ ከሆነ በዚያው ቀን ኮፒ ያድርጉትና ቀኑን ጽፈው ከዓመቱ የወጪ ማስረጃ ጋር በፋይል ያስገቡት።